ጥብቅም ልልም፦ የጀልባ ሞተር አቀማመጥ ሳይንስ

በጭነት እንስሳ ዕቃ ያጓጓዘ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም። ጭነቱ ላላ ብሎ ከታሰረ ቁልቁለት ላይ ተንሸራትቶ እንስሳውን ይዞት ይወድቃል። ያለ መደላድል አለልክ ከጠበቀ ደግሞ ጀርባውን ይልጠዋል። ስለዚህ አዋቂ ጫኝ መጀመሪያ ለስላሳ መደላድል ያነጥፋል፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን ያጠብቃል።

በጀልባ ሆድ ውስጥ ሞተር የሚያስቀምጥ መሐንዲስም የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ጭነቱ ሕይወት ያለው መምሰሉ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ማዕበል ሲመጣም ይዘላል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለዓመታት ከቦታው የማይነቃነቅ መቀመጫ እንዴት ይሠራል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው ፊዚክስ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልስ ማሳየት ነው።

በቅድሚያ የምንነጋገርበትን የጀልባ ዓይነት እንለይ። በጣናም ሆነ በጫሞ ሐይቅ ላይ የተጓዙ አንባቢያን በትናንሽ ጀልባዎች የኋላ ጠርዝ ላይ የተሰቀለ ሞተር አይተው ይሆናል። እንዲህ ያለው ሞተር ከነፕሮፔለሩ ተነሥቶ የሚወርድ፣ ከጀልባው ውጭ ያለ ሞተር ነው። በትልልቅ ጀልባዎች ግን ሞተሩ በቀፎው ውስጥ፣ ከወለሉ በታች ይቀመጣል። ኃይሉን ወደ ውሃው የሚያደርሰው ካምቢዮውን ተከትሎ የጀልባውን ሥር ሰንጥቆ የሚወጣ የብረት ዘንግ ነው። የሥጋቱም ምንጭ ይህ ዘንግ ነው። የሚያልፍበት ቀዳዳ ከውሃው ወለል በታች ስለሆነ፣ ሞተሩ ከቦታው ሲናጋ ዘንጉም ይናጋል፤ ዘንጉ ሲናጋ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው የውሃ መከላከያ ይበላል። በመኪና ላይ የተበላሸ የሞተር መቀመጫ ጎማ ጩኸትና መንገጫገጭ ያመጣል። በጀልባ ላይ የሚያመጣው ውሃ ነው።

አራቱ ኃይሎች

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 4 ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው 400 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 150 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 200 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። የተቀመጠውም በአራት ማእዘኖቹ ባሉ አራት የጎማ መቀመጫዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ኃይል ክብደት ነው። ጀልባው ቆሞ ሳለ እያንዳንዱ መቀመጫ የ100 ኪሎ ግራም ጭነት፣ ማለትም 981 ኒውተን ይሸከማል። ይህ ቀላል ነው። ፈጣን ጀልባ ከማዕበል ጫፍ ወርዶ ውሃውን በደረቱ ሲመታ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀፎው በድንገት ሲቆም ሞተሩ በነበረበት ፍጥነት ወደ ታች መሄዱን ሊቀጥል ይሻል፤ የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ነው። ምቱ የስበትን 5 እጥፍ ቢያህል አራቱ መቀመጫዎች በአንድነት ወደ 20,000 ኒውተን፣ ማለትም የ2 ቶን ጭነት ያህል ለቅጽበት ይሸከማሉ። ጀልባው እንደገና ወደ ላይ ሲነጥር ደግሞ ሞተሩ ከመቀመጫው ሊነሣ ይሞክራል። ስለዚህ መቀመጫው ከሥር መደገፉ ብቻውን አይበቃም፤ ከላይም መያዝ አለበት።

ሁለተኛው ኃይል ግፊት ነው። ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ውሃው ፕሮፔለሩን ወደ ፊት ይገፋል። ይህ ግፊት በዘንጉ በኩል ወደ ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩም በመቀመጫዎቹ በኩል ወደ ቀፎው ይተላለፋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ጀልባውን ከነተሳፋሪው ወደ ፊት የሚነዱት አራቱ የጎማ መቀመጫዎች ናቸው። መጠኑን እናስላ። ከ150 ኪሎ ዋት ውስጥ 60 በመቶው ወደ ግፊት ቢለወጥና ጀልባው በሰከንድ 12 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ፣ ኃይልን ለፍጥነት ስናካፍል 7,500 ኒውተን እናገኛለን። ይህም 765 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በመቀመጫዎቹ ላይ በአግድም የተንጠለጠለ ያህል ነው።

ሦስተኛው ኃይል ጥምዘዛ ነው። ሞተሩ ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ሲያዞር፣ ዘንጉ ሞተሩን ወደ ተቃራኒው ወገን ሊያዞረው ይታገላል። በምሳሌያችን ሞተሩ የሚሰጠው ጥምዘዛ 478 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ካምቢዮው የዘንጉን ዙር በግማሽ ቢቀንስ ጥምዘዛው እጥፍ ሆኖ 955 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። በግራና በቀኝ መቀመጫዎች መካከል ያለው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንዱ ወገን ባሉት ሁለት መቀመጫዎች ላይ በእያንዳንዳቸው ወደ 796 ኒውተን ይጨመራል፤ ከሌላው ወገን ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀነሳል። ውጤቱ ያስገርማል። በሙሉ ኃይል ስንጓዝ በአንድ ወገን ያለው መቀመጫ 1,777 ኒውተን ሲሸከም፣ በሌላው ወገን ያለው 185 ኒውተን ብቻ ይቀርለታል። ሊንሳፈፍ ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው። ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ደግሞ ተራው ይለወጣል።

አራተኛው ኃይል ንዝረት ነው። ፒስተን በሲሊንደሩ ውስጥ ሲመላለስ የላይኛውን ግማሽ መንገድ ከታችኛው ግማሽ ይልቅ በፍጥነት ያቋርጣል፤ ምክንያቱ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ እየተጋደመ መሄዱ ነው። በባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ሁለት ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ ዋናው መንቀጥቀጥ ይጣፋል። ከዚህ የፍጥነት ልዩነት የሚመጣው ትርፍ ግን አይጣፋም። አራቱም ፒስተኖች በአንድነት ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይንጡታል። ይህን ለማጥፋት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ላንችስተር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በእጥፍ ፍጥነት የሚዞሩ ሚዛን ጠባቂ ዘንጎችን ፈልስፎ ነበር። እነዚህ ዘንጎች በሌሉበት ሞተር ግን ንዝረቱን መቀበል የመቀመጫው ዕጣ ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር በሰከንድ 50 ዙር ስለሆነ ንዝረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ማለትም 100 ኸርዝ ይሆናል። ሞተሩ ሥራ ሳይዝ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር ደግሞ 25 ኸርዝ ነው።

ድንጋይና ላስቲክ

ይህን ንዝረት ከቀፎው እንዴት እንለየዋለን? መልሱን በቤት ውስጥ በሚደረግ ቀላል ሙከራ ማየት ይቻላል። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቀጭንና ረጅም ላስቲክ ቆርጣችሁ በጫፉ አንድ ድንጋይ እሰሩ፤ ሌላውን ጫፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ድንጋዩን አንጠልጥሉት። አሁን እጃችሁን ወደ ላይና ወደ ታች በጣም በዝግታ አንቀሳቅሱ። ድንጋዩ እጃችሁን ይከተላል። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከአንድ ልክ ስትደርሱ ድንጋዩ ከእጃችሁ እጅግ በልጦ መዝለል ይጀምራል። ይህ ሬዞናንስ ይባላል፤ የእጃችሁ ድግግሞሽ ከድንጋዩና ከላስቲኩ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ጋር ገጥሟል ማለት ነው። ፍጥነቱን አሁንም ጨምሩ። የሚሆነው ነገር ላላየው አይታመንም፤ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋዩ ግን በቦታው ጸጥ ይላል።

የጎማ መቀመጫ የሚሠራው በዚህ ሦስተኛ ክልል ነው። የሚንቀጠቀጠው ሞተሩ፣ ጸጥ እንዲል የምንፈልገው ደግሞ ቀፎው በመሆኑ ቦታቸው ይለዋወጥ እንጂ ሕጉ አንድ ነው። ጎማው ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረው የሞተሩ ድግግሞሽ ከተፈጥሮው ድግግሞሽ 1.41 እጥፍ ሲበልጥ ነው። ከዚያ በታች ጎማው ከማገዝ ይልቅ ንዝረቱን ያባብሳል።

የተፈጥሮውን ድግግሞሽ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማስመሪያ ይበቃል። ሞተሩ ሲቀመጥበት ጎማው ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ረገጠ ይለካል፤ 16 ለዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት ሲካፈል ድግግሞሹ በኸርዝ ይገኛል። ጎማው 4 ሚሊ ሜትር ከረገጠ፣ 16 ለ2 ተካፍሎ 8 ኸርዝ ይሆናል። ሞተሩ በ25 ኸርዝ ሲንቀጠቀጥ ከ8 ኸርዝ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ወደ ቀፎው የሚያልፈው ከንዝረቱ ኃይል 11 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እውነተኛ ጎማ ቶሎ ቶሎ ሲነዘር በዝግታ ከሚጫንበት ጊዜ ይልቅ ስለሚጠነክር የሚያልፈው ከዚህ በመጠኑ ይበልጣል፤ ሕጉ ግን አይለወጥም።

ሞተር በተነሣ ወይም በጠፋ ቁጥር ለአፍታ የሚናጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሞተሩ ዙር ከ750 ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ በደቂቃ 240 ዙር ላይ ንዝረቱ ልክ 8 ኸርዝ ሆኖ በሬዞናንሱ ውስጥ ያልፋል። በጉዞ መጨረሻ ሞተሩ ሲጠፋ በወንበራችን ላይ የሚሰማን መንገጫገጭ ይኸው ነው።

ቅራኔውና መፍትሔው

አሁን ወደ ችግሩ እምብርት ደርሰናል። ንዝረትን ለመለየት ጎማው ልስልስ መሆን አለበት። ግፊትን፣ ጥምዘዛንና የማዕበልን ምት ለመሸከም ግን ጠንካራ መሆን አለበት። በ1 እጥፍ ክብደት 4 ሚሊ ሜትር የሚረግጥ ጎማ፣ ያለ ገደብ ቢተው በ5 እጥፍ 20 ሚሊ ሜትር ይረግጣል። ዘንጉ ይህን ያህል እንዲናጋ መፍቀድ አይቻልም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከጎማው ጠባይ ይገኛል። ጎማ ሲጨመቅ ጠንካራ፣ ሲሸለት፣ ማለትም አንዱ ገጹ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ሲገፋ፣ ልስልስ ነው። ሠሪዎች ጎማውን በሁለት የብረት ክንፎች መካከል አዘንብለው በማጣበቅ ወደ ላይና ወደ ታች ልስልስ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን በብዙ እጥፍ ጠንካራ የሆነ መቀመጫ ይሠራሉ። በዚህ ምክንያት መቀመጫው አቅጣጫ አለው። በስሕተት 90 ዲግሪ ዞሮ ከታሰረ ልስልሱ ወገን ለግፊቱ ይጋለጣል፤ ሞተሩም ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ሁለተኛው መፍትሔ ገደብ ማበጀት ነው። ጥሩ የባሕር መቀመጫ ጎማውን በብረት ቆብ ይሸፍነዋል። ጎማው ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ሊረግጥ ወይም ሊነሣ ሲል ቆቡ ከመሠረቱ ጋር ይገናኝና ያቆመዋል። ጎማው ቢቀደድ እንኳ ሞተሩ አይለቀቅም። ቆቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ የተፈጥሮ ጎማን አሳብጦ ከሚያበላሸው የናፍጣና የዘይት ጠብታ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው መፍትሔ ሥራውን ማካፈል ነው። ግፊቱን የሚቀበል ኩሽኔታ ለብቻው ከቀፎው ጋር በጠንካራ ግድግዳ ይታሰራል፤ ከእርሱ እስከ ሞተሩ ያለው መንገድም በሚተጣጠፍ ዘንግ ይገናኛል። በዚህ ጊዜ 7,500 ኒውተኑ ወደ ሞተሩ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ቀፎው ይገባል። መቀመጫዎቹ ከግፊት ነፃ ስለሚሆኑ የፈለግነውን ያህል ልናለሰልሳቸው እንችላለን። ዋጋው ግን ይጨምራል፤ ቦታም ይፈልጋል።

ከጎማው በታች ያለው

ጎማው የቱንም ያህል ቢመረጥ የታሰረበት መሠረት ደካማ ከሆነ ከንቱ ነው። የጀልባ ቀፎ ስስ ቆዳ ነው። ሞተሩ በቆዳው ላይ በቀጥታ ቢቀመጥ አራቱ ነጥቦች ቀፎውን በአራት ጡጫ እንደ መምታት ይሆናሉ። ስለዚህ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ከፊት ወደ ኋላ የሚዘረጉ ሁለት ረጃጅም ተሸካሚዎች ይሠራሉ። ተሸካሚዎቹ ከሞተሩ ጫፍ አልፈው በሄዱ መጠን ኃይሉ በሰፊ የቀፎ ገጽ ላይ ይበተናል። በድንገት የተቆረጠ ተሸካሚ ግን ጫፉ ላይ ቀፎውን ይሰነጥቃል። ተሸካሚዎቹ ወደ ጎን እንዳይዘሙ አግዳሚ ማጠናከሪያዎች ያያይዟቸዋል።

የዚህን ጥበብ ዳርቻ ከፈተኑት አንዱ አሜሪካዊው ጋርፊልድ ዉድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 «ሚስ አሜሪካ 10» በተባለችው 11.6 ሜትር ርዝመት ባላት የእንጨት ጀልባ ውስጥ እያንዳንዳቸው 12 ሲሊንደር ያላቸውን አራት የፓካርድ ሞተሮች አስቀመጠ። በድምሩ 6,400 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። በሚሺጋን ግዛት ጠረፍ በሚገኘው በሴንት ክሌር ወንዝ ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ የዓለምን የውሃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ። ያን ሁሉ ጉልበት ስስ የእንጨት ቆዳ ብቻውን ሊሸከመው እንደማይችል ግልጽ ነው፤ ኃይሉ መንገድ ተቀይሶለት በመላው ቀፎ መሠራጨት ነበረበት።

በፋይበር ግላስ ጀልባዎች ብዙ ጊዜ ተሸካሚው ውስጡ እንጨት ሆኖ ውጪው በፋይበር ግላስ የተሸፈነ ነው። መቀመጫውን በእንጨት ብሎን ወደ ውስጡ መቦርቦር ቀላል ነው፤ አደገኛም ነው። በቀዳዳው ውሃ ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ብሎኑ የሚነክሰው ነገር ያጣል። የተሻለው መንገድ ተሸካሚውን ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ብሎን በዳዶ ማሰር ነው። በሁለቱም ወገን ሰፊ የብረት ሰሌዳ ይደረጋል፤ ፋይበር ግላስ በጠባብ ሮንዴላ ሥር ለረጅም ጊዜ ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ ነው። ቀዳዳውም መጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ በኤፖክሲ ይሞላና ከደረቀ በኋላ በልኩ ይበሳል። እንጨቱ ውሃ አያገኘውም።

ብሎን ራሱ ለምን ይላላል? ብዙዎች ንዝረቱ ዳዶውን በቀጥታ የሚያዞረው ይመስላቸዋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ዋናው ጠላት የጎን እንቅስቃሴ መሆኑን አሳየ። የታሰሩት ሁለት ገጾች እርስ በርሳቸው ወደ ጎን ሲንሸራተቱ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ለቅጽበት ይጠፋል፤ ዳዶውም በየቅጽበቱ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይዞራል። የጠበቀ ብሎን እንደ ተሳበ ሞላ ነው። ገጾቹን በበቂ ኃይል ካጣበቃቸው አይንሸራተቱም፤ ካልተንሸራተቱም አይላላም። ስለዚህ ብሎን በግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ፣ ሠሪው በወሰነው ልክ ይጠበቃል። እንግዲህ ልስላሴው በጎማው ብቻ ይቅር፤ ከጎማው በላይና በታች ያለው ሁሉ ጥብቅ ይሁን።

የፀጉር ያህል ስሕተት

ሞተሩ ከታሰረ በኋላ ዘንጉና ካምቢዮው በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆናቸው ይረጋገጣል። የሁለቱ ፊት ለፊት የሚገናኙ ክብ ፍላንጆች ይቀራረቡና ውፍረታቸው የታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች በመካከላቸው እየገቡ ክፍተቱ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ይለካል። የተለመደው መመሪያ የክፍተቱ ልዩነት ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሜትር የፍላንጅ ስፋት ከ0.1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ይህ የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ ዘንጉ በየዙሩ ይታጠፋል፤ በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚታጠፍ ብረት ደግሞ በሰዓት 90,000 ጊዜ ይታጠፋል። ብረትን በድካም የሚሰብረው እንዲህ ያለው ድግግሞሽ ነው።

ይህ ልኬት የሚጠናቀቀው ጀልባው በውሃ ላይ ሳለ ነው። በየብስ በድጋፍ ላይ የቆመ ቀፎ ውሃ ሲደግፈው ቅርጹን በጥቂቱ ይለውጣልና። አዲስ ጎማም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ስለሚረግጥ ልኬቱ እንደገና ይታያል። በመጨረሻም የነዳጁ፣ የማቀዝቀዣው ውሃና የጭስ መውጫው ቱቦዎች ከሞተሩ ጋር በሚተጣጠፍ ክፍል መገናኘት አለባቸው። በጎማ ላይ የሚወዛወዝ ሞተር በደረቅ የብረት ቱቦ ከታሰረ የሚሰበረው ቱቦው ነው፤ የነዳጅ ቱቦ ከሆነ ደግሞ መዘዙ እሳት ነው።

ምልክቶቹ

መቀመጫ በአንድ ጀምበር አይበላሽም፤ አስቀድሞ ይናገራል። ከመቀመጫው ሥር የሚታይ ጥቁር የጎማ ብናኝ ጎማው እየተፋቀ መሆኑን ይጠቁማል። በብሎን ዙሪያ የሚታይ ቀይ ቡናማ ብናኝ ሁለት ብረቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ መሆናቸውን ያመለክታል፤ ዩንከር የገለጸው መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው። ቀድሞ ያልነበረ መንቀጥቀጥ በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ ከመጣ የተፈጥሮው ድግግሞሽ ተለውጧል፤ ምናልባት አንዱ ጎማ ደርቋል ወይም አንዱ ብሎን ላልቷል። ከወለሉ በታች ያለው ውሃ ከወትሮው ከበዛ ግን ሞተሩ፣ ዘንጉና የውሃ መከላከያው በአንድነት ካልተመረመሩ ጉዞ መቀጠል አይገባም።

ከሐይቅ ማዶ ለመሻገር የተሳፈረ መንገደኛ ከእግሩ ሥር ያለውን ሞተር አያየውም። የሚሰማው በጫማው በኩል የሚመጣ ለስላሳ መርገብገብ ነው። ከዚያ መርገብገብ በታች አራት ጎማዎች በሰከንድ 100 ጊዜ እየተጨመቁና እየተለቀቁ፣ ጀልባውን ወደ ፊት እየገፉ፣ ከማዕበሉም ጋር እየታገሉ ናቸው። እነርሱን መርጦ በቦታቸው ያሰረው ባለሙያ በቤታችን ላስቲክና ድንጋይ ላይ ያየነውን ሕግ ያውቅ ከነበረ፣ መንገደኛው ማዶ ሲደርስ ጫማው ደረቅ ይሆናል።